አልጋ ቁጥር አንድ

ቆጣሪ አንባቢው የተቀጠረው ቁጥር እንዲያነብ እንጂ ሰው እንዲያገኝ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢውን በር እንደ ወትሮው በገመዱ ስቦ ገባ፤ ወደ ጓሮ ዞረና የውሃ ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ አለ። ቁጥሩን ጽፎ ሳይጨርስ ከአጠገቡ ካለው ዕቃ ቤት ግድግዳ የሚንኳኳ ነገር ሰማ። ሦስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። አይጥ ነው ብሎ ሊሄድ ነበር። «አይጥ ግን አትቆጥርም» አለ በኋላ ቃሉን ሲሰጥ፤ እሱ ራሱ ቆጥሮ አዳሪ ነውና።

የዕቃ ቤቱ በር በውጭ በኩል በብረት መቀርቀሪያ ተዘግቷል። ከፈተው። በአሮጌ ሣጥንና በተጠቀለለ ምንጣፍ መካከል፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የግራ ጉንጫቸው አብጧል፤ በእጃቸው ማንኪያ ይዘዋል። ቆጣሪ አንባቢው ደንግጦ ማን እንደዘጋባቸው ቢጠይቃቸው አንዲት ቃል ብቻ መለሱለት።

«ውሃ» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ሆኖ አድራሻውን ሲሰማ ሳይጽፈው ተነሣ። ያን ቤት ማንም ሊያሳየው አያስፈልግም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ሆስፒታል ተኝታ ሞተች፤ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ የነበሩት እኚሁ ሴት፣ ሲስተር፣ አልጋዋ ሥር ተደብቆ አገኙትና ዘመድ እስኪመጣ ብለው ቤታቸው ወሰዱት። ዘመድ ሳይመጣ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቤት ኖረ፤ ከሲስተር አንድ ልጅ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተጋፋ፣ አንድ ሳሕን ላይ እየተሻማ። ፖሊስ ሆኖ ሲቀጠር የመጀመሪያ ጫማውን የገዙለት እሳቸው ናቸው።

ያ አንድ ልጅ ዛሬ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ፣ የሒሳብ መምህር ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ምርቁ» ይለዋል። እናቴን ልጡር ብሎ ትዳር እንኳ ሳይዝ የቀረ ልጅ ነውና መንገድ ላይ ያገኘው ሽማግሌ ሁሉ ይመርቀዋል፤ ልጆቻቸው ዞር ብለው የማያዩዋቸው እናቶች ደግሞ «ምነው እንደ ምርቁ በሆናችሁ» እያሉ ያማርራሉ።

«አለቃ» አለች ሳጅኗ መኪና ውስጥ። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ምላሷ ከምላጭ አይተናነስም። «ዘመድዎ ከሆኑ ጉዳዩን ለሌላ ሰው መስጠት አይሻልም?»

«ዘመዴ ስለሆኑ ነው የማልሰጠው።»



*

ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። የሲስተር አልጋ እንደ ሆስፒታል አልጋ ማዕዘኑ ተጣጥፎ ተነጥፏል። መደርደሪያው ላይ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ አለ፤ ከሳምንት በፊት የተገዛ ነው ይላል ወረቀቱ፣ ግን የቀረው ጥቂት ነው። ሳጅኗ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ መቀርቀሪያውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። የበሩ ቀለም ረግፎ አልቋል፤ የመቀርቀሪያው ብሎኖች ግን ያብረቀርቃሉ።

«ቁልፍ የለውም» አለች። «ሌባ ቢመጣ ሳብ አድርጎ ይገባል። ይሄ መቀርቀሪያ የሚያግደው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።»

ምርቁ ከትምህርት ቤት በሩጫ ደረሰ፤ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ አልጠረገም። የኢንስፔክተሩ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲረጋጋ የነገረው ይህ ነው፦ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከእናቱ ጋር ቁርስ በልቷል። አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ሥራው ወጥቷል። የቀን ሠራተኛዋ ስትገባ በር ላይ ተገናኝተው ደህና ዋይ ብሏታል። መቀርቀሪያውን ያስገጠመው የሰፈር ድመት እየገባች ስላስቸገረች ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተምር ነበር፤ ስልሳውም ይመሰክሩለታል። ሠራተኛዋ ግን ይኸው ቤት ውስጥ የለችም።

«አሥር ወር አብራን በልታለች» አለ። «እናቴን አምኜ የሰጠሁት ለሷ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፣ ወንድሜ።»

ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ተመለሰና ጎረቤቲቱንም ጠይቁ አለ፤ በግቢያቸው ዛፍ ቅጠል የተነሣ «አንድ ቀን ቆልፌብሽ እሄዳለሁ» ብላ እናቱን ዝታባት ታውቃለች።

ጎረቤቲቱን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ሳይከፍቷት ትናገራለች፣ ቢዘጓትም አትዘጋም። የዚያን ዕለት ጠዋት ጥርሷን ስታስነቅል አርፍዳ ስለነበር በአንድ ጎን ብቻ ነበር የምታሰራጨው፤ የጥርስ ሐኪሟም ይህንኑ አረጋገጠ። ቅጠሉ እውነት ነው አለች፣ ዛቻውም ከአፏ ወጥቷል፣ ግን ለመጣላትም እኮ ሰው በሕይወት መኖር አለበት። ሲስተር ሌሊት እንደማይተኙ ታውቃለች፤ ቤት ውስጥ ሲዞሩ ኮቴያቸውን ትሰማለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ኢንስፔክተሩ አዞረች።

«ከሦስት ወር በፊት ክንዳቸው ሰማያዊ ሆኖ በአጥሩ አይቼ ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። ማን እንደመጣ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።»

ኢንስፔክተሩ ያውቃል። የመጣው እሱ ራሱ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት፣ መለዮውን አውልቆ፣ እንደ ቤተ ዘመድ። ሲስተርን ምን ሆኑ ብሎ ጠየቃቸው፣ «ወደቅሁ» አሉት። ሬዲዮ በቅጠል ተጣልታ ስም ልታጠፋ ነው ብለው ከምርቁ ጋር ሳቁ። መዝገቡ ላይም «የጎረቤት ቅራኔ» ብሎ ጽፎ ዘጋው።

*

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የሲስተርን ክንድ ገልጦ የበለዘውን አሳያቸው። ወይን ጠጅ የመሰለ አለ፣ አረንጓዴ የመሰለ አለ፣ ወደ ቢጫ የሄደም አለ፤ አንዱ የትናንት፣ አንዱ የሳምንት፣ አንዱ ከዚያም የቆየ። አራት ምልክቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ አምስተኛው ከክንዱ ጀርባ። መውደቅ አምስት ጣት የለውም አለ ሐኪሙ። ውሃ ከቀመሱም ቢያንስ አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት አልፏል።

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሊሆን አይችልም?» አለ ኢንስፔክተሩ። «አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቁርስ በልተዋል።»

«ማን አለ?»

«ልጃቸው።»

ሐኪሙ ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ። ኢንስፔክተሩም ሽማግሌ ሰው ድሮውንም ውሃ አይወድም ብሎ ለራሱ መልስ ሰጠ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ለማመን ምክንያት አያጣም።

ሲስተር ነቅተዋል፣ ግን አይናገሩም። ከሰዓት በኋላ ምርቁ ብርቱካን ይዞ ገብቶ ግንባራቸውን ሲስም ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ሳጅኗ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ነው የመለሱት።

«ወደቅሁ።»

«አየሽ፣ ሠራተኛዋን ትሸፍናታለች» አለ ምርቁ። «እናቴ ሰው አታስከስስም። ሆዷ ሰፊ ነው።»

ኢንስፔክተሩ እጃቸውን ያዘ። እሳቸው ግን የሚያዩት የአልጋውን ግርጌ ነው፤ እዚያ ብረቱ ላይ የተሰቀለውን ቻርት። እሱን ያዩታል፣ ወደ ግርጌው ይመለሳሉ፤ እንደገና እሱን ያዩታል። ጠምቷቸው መስሎት ውሃ ሰጣቸው።

ሐኪሙ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስወጣቸዋለሁ አለ። አልጋ ጥበት አለ፤ የሚቀበላቸውና የሚፈርምላቸው ልጅ ደግሞ አላቸው። ሳጅኗ ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ሳናውቅ ሊመለሱ ነው ወይ አለች። ኢንስፔክተሩ ሠራተኛዋን ካገኘናት የሚያሰጋ ነገር አይኖርም አላት።

*

ሠራተኛዋን ረቡዕ ጠዋት እህቷ ቤት ልብስ ስታጥብ አገኟት። ባሏ የሞተባት፣ አርባን የተሻገረች ሴት ናት፤ ፖሊስ ስታይ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቆመች። ቦርሳዋ ሲፈተሽ ደረት ላይ የሚሰካ የነርስ ሰዓት ወጣ። ኢንስፔክተሩ ያን ሰዓት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሲስተር ጎንበስ ባሉ ቁጥር ፊቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር።

«ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ» አለች ጣቢያ ስትቀርብ። «‘ተረኛ ያለ ሰዓት አይሠራም’ ብለው ደረቴ ላይ ሰኩልኝ።»

«ማክሰኞ ለምን ጠፋሽ?»

«አልጠፋሁም። ሰኞ ማታ ልወጣ ስል ልጃቸው ነገ አትምጪ፣ እረፍት አድርጊ አለኝ። አሥር ወር ሙሉ እረፍት ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

«በር ላይ አግኝቻት ነበር ብሏል።»

«ውሸት ነው ልበል? እሱ ምርቁ ነው፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ማንን ነው የምታምኑት ጌታዬ?»

 ማረፊያ ክፍል ገባች። ስትገባ ስለ ራሷ አልተናገረችም፤ ሲስተር ውሃ ሲጠጡ ቀና አድርጉ፣ አለበለዚያ ትን ይላቸዋል ብቻ አለች። ኢንስፔክተሩ ይህን አነጋገር ወንጀለኛ ከሚናገረው ጋር ሊያስማማው አልቻለምና ምሳውን ትቶ ወጣ።

እየሄደ ሳለ ነው የሲስተር ዓይን ትዝ ያለው። በልጅነቱ ዋርድ ይዘውት ሲዞሩ ሲስተር የበሽተኛውን ፊት ከማየታቸው በፊት የአልጋውን ግርጌ ያያሉ። «ፊት ይዋሻል፤ ቻርት አይዋሽም» ይሉ ነበር። መኪናውን አዞረ።

በቤታቸው፣ በዚያ ማዕዘኑ በተጣጠፈ አልጋ ግርጌ፣ አንሶላው ሥር እጁን ሰደደ። የሆነ ጠንካራ ነገር ነካ። ወረቀት መቆንጠጫ ያለው አሮጌ የሆስፒታል ሰሌዳ በሽቦ ተሰቅሏል፤ ፊቱን ወደ ፍራሹ አዙሮ። የሲስተር የእርሳስ ጽሕፈት ነው፣ እንደ ጥንቱ የተደረደረ። ከላይ «አልጋ ቁጥር 1» ይላል። ሲስተር ራሳቸውን እንደ በሽተኛ መዝግበው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይጽፉ ነበር።

«ማታ 12፡00፦ በደንብ በልታለች። ውሃ አራት ብርጭቆ። ፀጉር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ሕመምተኛዋ ስቃለች።»

«ጠዋት 1፡00፦ ውሃ የለም። ግራ ክንድ ላይ አራት የጣት ምልክት። የእንቅልፍ ክኒን ሦስት፣ ያለ ትእዛዝ። ሕመምተኛዋ አትናገርም።»

ገጽ ገለጠ። እንዲሁ ነው። ማታው ደግ፣ ጠዋቱ ክፉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ምርቁ የሚወጣበት፣ ሠራተኛዋ የምትገባበት ሰዓት ነው፤ ማታ አሥራ ሁለት ደግሞ እሷ ወጥታ ልጅየው ከእናቱ ጋር የሚሆንበት። ኢንስፔክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ለሲስተር አዝኖ ብቻ አይደለም፣ ቀልሎትም ነው። ወንድሙ ወንድሙ ሆኖ ተገኘ።

ሳጅኗ ቻርቱን ተቀብላ መጨረሻው ገጽ ላይ ቆየች። የሰኞ ማታው ጽሕፈት «ለነገ ቀን ተረኛ የለም» ይላል። ይህች መስመር አልጣመችኝም አለች፤ ተረኛ ከሌለ ምርቁ ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ያገኘው ማንን ነው? ኢንስፔክተሩ የደከመ ሰው ቀን ይሳሳታል ብሎ አቋረጣት። ሳጅኗ ቻርቱን ይዛ ቤቷ ሄደች።

*

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ዋርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ምርቁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእናቱን ጫማና ሹራብ ይዞ ይመጣል። የነርሶች ተራ መለዋወጫ ሰዓት ነበርና ስትወጣ የነበረችው ነርስ እያንዳንዱ አልጋ ግርጌ እየቆመች ትጽፍ ጀመር። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሲስተር ራሳቸው ናቸው ያስተማሯት። ኢንስፔክተሩ ሥራ ከመፍታት ብዛት የጎረቤቱን አልጋ ቻርት አነበበ። «8፡00፦ አንድ ጊዜ አስታውካለች» ይላል።

«አሁን አስታወከች እንዴ?» አለ። «አጠገቧ ነው የተቀመጥኩት፣ አላየሁም።»

«አሁን አይደለም። አራት ሰዓት ላይ ነው።»

«ታዲያ ስምንት ሰዓት ብለሽ ጻፍሽ።»

«ስምንት ሰዓት የምወጣበት ነው» አለች ነርሷ፣ እንደ ዘገምተኛ ተማሪ እያየችው። «ተረኛ የሚጽፈው ሲወጣ ነው። ሰዓቱ የመውጫው ነው፤ የተጻፈው ደግሞ ተረኛው ከገባ ጀምሮ ያለፈው ሁሉ ነው። ሲስተር እንዲህ ነው ያስተማሩን። ዛሬ ብዙዎቹ በየሰዓቱ ይጽፋሉ፤ የሳቸው ልጆች ግን በዚሁ ቀርተናል።»

ኢንስፔክተሩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ፀጉር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምን ፀሐይ አለ? አራቱ ብርጭቆ ውሃ፣ ፀጉሩ፣ ሳቁ፣ ያ ሁሉ የቀኑ ነው። ማረፊያ ክፍል ያስቀመጣት ሴት ሥራ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተጻፈው ደግሞ ሌሊቱ ነው። ሌሊት እዚያ ቤት ከሲስተር ጋር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዓይንም እንደዚያው ነው። የብሎኑ ብርሃን፣ የሐኪሙ ትከሻ፣ አገጭ ድረስ የተሳበው ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ከማክሰኞ ጀምሮ ፊቱ ነበር።  በአንድ ሳሕን የበላው ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቀሰው፣ የፈረሱን ተረት የተረተበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እሱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲስተርን መልሶ ሊያስረክበው ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ እሱ ጎታቹ ሊሆን ነበር።

ሳጅኗ በሩ ላይ ደረሰች። ከምርቁ ትምህርት ቤት ነው የመጣችው፤ የተማሪዎቹን ቃል ተቀብላለች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እውነት ነው፣ ስልሳዎቹ መስክረዋል፤ ግን መምህሩ በዚያን ቀን ጠዋት ከወትሮው ቀድሞ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ሳይሞላ ግቢ ገብቶ እንደነበር ዘበኛው አስታውሷል። ቁርስ በላሁ ባለበት ሰዓት ትምህርት ቤት ነበር።

«አውቀዋል» አለች ፊቱን አይታ።

«አሁን ነው ያወቅኩት።»

ሳጅኗ ከያዘችው ቻርት ጫፉን የቆለመመችውን ገጽ ገልጣ ሰጠችው። ይህን ለብቻዎ ያንብቡት አለችና ወደ ደረጃው ሄደች። የዛሬ ሦስት ወር፣ እሑድ ነው።

«ማታ 12፡00፦ ጠያቂ መጣ፣ ፖሊሱ ልጄ። የሌሊቱ ተረኛ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሕመምተኛዋ ምን ሆንሽ ተባለች። ‘ወደቅሁ’ አለች። ጠያቂው ሻይ ጠጥቶ ሄደ።»

ሌላ ምንም አልጻፉም። ወቀሳ እንኳ የለበትም።

*

ምርቁ በዘጠኝ ሰዓት፣ በደቂቃው፣ በአንድ እጁ ሹራብ በአንድ እጁ ጫማ ይዞ መጣ። ኢንስፔክተሩ ወደ ነርሶቹ ክፍል አስገባውና በሩን ዘጋ። ሳጅኗ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ማክሰኞ ጠዋት እናታችን ቁርስ ምን በላች?»

«ዳቦና ሻይ። ምነው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ?»

«ነገርኩህ እኮ።»

ኢንስፔክተሩ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ምርቁ የእናቱን ጽሕፈት ሲያይ ጫማውን አቀፈው። አንድ ገጽ አነበበ፤ ሁለተኛውን አልገለጠም። ሲናገር ድምፁ የምርቁ ድምፅ አልነበረም፤ ምርቃቱ የተገፈፈበት፣ የሃምሳ ዓመት የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«ሌሊት አሥር ጊዜ ትነሣለች። ዋርድ ያለች ይመስላታል፤ በሬን ከፍታ ትገባና እጄን ይዛ የልብ ትርታዬን ትቆጥራለች። ሁለት ዓመት አልተኛሁም። መጀመሪያ ክኒን ሰጠኋት። ከዚያ ጎተትኳት። ከዚያ... ዕቃ ቤቱ ለአንድ ሌሊት ነው ብዬ ነበር። ሰኞ ማታ ፊቷን መታኋት፤ ጠዋት በሩን ከፍቼ ላያት አልቻልኩም። ሄድኩ።»

«ሠራተኛዋን ነገ አትምጪ ያልካት ግን ገና ሳትመታት ነው፤ አስበህበት ነበር» አለች ሳጅኗ።



«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንድ ሌሊት ለኔ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»

«ምርቁ ብላችሁኛላ። ምርቁ ደክሞኛል ይላል? አንተ ራስህ ከሦስት ወር በፊት መጥተህ ምን አልከኝ? ‘ጎሽ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጣት ነበር’ አልከኝ። ክንዷን አይተህ ነው ያልከኝ።»

ኢንስፔክተሩ ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፣ ሲመጣ ግን ሕመሙ አላነሰም።

«አንተ ደክሞህ ነበር» አለው። «እሷ ደግሞ ጠምቷት ነበር። ግድግዳ ታንኳኳ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለሳጅኗ ተወላት። መዝገቡ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ነው አላት፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ የጎረቤት ቅራኔ ብዬ የዘጋሁትንም አያይዘሽ ቃሌን ትቀበያለሽ። ሠራተኛዋን አሁኑኑ ፍቺያት፣ ሰዓቷንም ስጪያት፤ ይቅርታውን እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ። ሳጅኗ በሩን ከፈተች። ምርቁ ሹራቡንና ጫማውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተከትሏት ወጣ።

*

ሲስተር ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ሐኪሙ መውጫ ወረቀቱን ቀዶታል። ኢንስፔክተሩ በሩን ዘግቶ ወንበሩን አስጠጋ። ልትሰማቸው የምትችለው የጎረቤት አልጋ ሕመምተኛ ብቻ ናት፤ እሷም ተኝታለች።

«ምን አለ?» አሉ ሲስተር። ከማክሰኞ ወዲህ ጥያቄ ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ደክሞኝ ነው አለ።»

መስኮቱን አዩ። «እኔም ደክሞኝ ያውቃል» አሉ። «አርባ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ግማሹን ሌሊት። በሽተኛ ላይ በር ቀርቅሬ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ።

«ሲስተር፣ ያን እሑድ እሱ ፊት ልጠይቅዎ አይገባኝም ነበር።»

«አይገባህም ነበር።» አላቃለሉለትም። «ዓይኔን አይቶ ይገባዋል ብዬ ነው። ያሳደግኩት ነው፣ ዓይኔን ያውቃል ብዬ። ሻይህን ስትጠጣ ሁሉ እያየሁህ ነበር። ከዚያ ሄድክ።» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አጣጠፉ። «እሱ ሲጎዳኝ አንድ ነገር ነው፣ ልጅ ነው፣ ከሆዴ የወጣ ነው እላለሁ። አንተ ስትሄድ ግን ከዚህ በኋላ ማንም አይመጣም አልኩ።»

እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። ሲስተርም አይዞህ አላሉትም። ቆይተው መነጽራቸውን ከራስጌው አንሥተው አደረጉ።

«ቀን ያቺ ሴት ትምጣልኝ። ዛሬ ማታ ተረኛው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በአፍ አይደለም። ጻፈው።»

ሰሌዳውን አመጣ። ባዶ ገጽ ላይ እርሳሱን ይዞ፣ የማታው ተረኛ እሱ መሆኑን ጻፈ። ሲስተር ተቀብለው አነበቡና መልሰው ሰጡት።

«ፊርማ የለውም።»

ፈረመ። ሲስተር ፊርማውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እጁን ለእርዳታ ሲዘረጋ በክንዳቸው ገፋ አድርገውት፣ ሰሌዳውን ራሳቸው ከአልጋው ግርጌ ሰቀሉት፤ ፊቱን ወደ ውጭ፣ የገባ ሰው ሁሉ እንዲያነበው።